ምረጡ፣ ግን ምክንያቱን ንገሩን፦ ለበረዶ ሆኪ ቡድናችን ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለምንደግፈው ቡድን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ይድረስ ለተጫዋች ምልመላ ክፍሉ ኃላፊ፣

የከበረ ሰላምታችንን በማስቀደም በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እንገባለን።

ባለፈው ወር በኢሜይል የላካችሁልን መልእክት ሦስት መስመር ነበር። በየዓመቱ ከድራፍቱ (ቡድኖች ተራ በተራ ወጣት ተጫዋቾችን ከሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት) በፊት መልማዮቻችሁ ከደጋፊው ጋር ተቀምጠው ጥያቄ የሚመልሱበት ምሽት ዘንድሮ አይኖርም። ለምን? ተጫዋች መምረጥ የባለሙያ ሥራ ስለሆነ፣ የደጋፊው ክርክርም ልጆቹ ላይ ጫና ስለሚያሳድር ነው ይላል። በቃ። ለ11 ዓመት የቆየ ምሽት በሦስት መስመር ተዘጋ። ከታች ደግሞ የአዲሱ ማሊያ ማስታወቂያ ነበረበት፤ እሱ ከመልእክቱ ይረዝማል።

እኛ ወደ 40 የምንጠጋ ደጋፊዎች ነን። ነርስ አለን፣ የአውቶቡስ ሹፌር አለን፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር አሉን፣ ገና ዩኒቨርሲቲ ያልጨረሱ ልጆችም አሉን። የሚያገናኘን አንድ ሱስ ነው። ሌላው ደጋፊ የትናንቱን ጨዋታ ሲያወራ እኛ ገና ጢም ስላላበቀለ ልጅ እንጨቃጨቃለን። የስዊድንና የፊንላንድ ወጣቶች ሲጫወቱ ለማየት ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ እንነሳለን። በየዓመቱ የራሳችንን የ100 ተስፈኞች ዝርዝር እናወጣለን። አምና በአንድ ተከላካይ የተነሳ ሁለት የልብ ጓደኛሞች ለሦስት ሳምንት ተኮራርፈው ነበር፤ አንዱ ልጁ እስከ 4ኛ መመረጥ አለበት ሲል ሌላው 14ኛም ይበዛበታል ብሎ። ልጁን በመጨረሻ የወሰደው ሌላ ቡድን ነው። ያስታረቃቸውም እሱ ነው መሰለኝ።

ከእናንተ መልማዮች የበለጠ እናውቃለን አንልም። እነሱ ክረምቱን በሙሉ ከከተማ ከተማ እየነዱ፣ በቀዝቃዛ አዳራሽ ሲቀመጡ የሚያመሹ ሰዎች ናቸው። ሥራው ከባድ መሆኑም አይጠፋንም። የመጀመሪያው የኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካው ዋና የሆኪ ሊግ) ድራፍት ጁን 5 ቀን 1963 በሞንትሪያል ንግሥት ኤልሳቤጥ ሆቴል ሲካሄድ የተመረጡት 21 ልጆች ብቻ ነበሩ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ዛሬ 32 ቡድኖች በ7 ዙር 224 ልጆች ይመርጣሉ። ከነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ገና 18 ዓመት የሞላቸው ወይም እስከ ሴፕቴምበር 15 የሚሞላቸው ናቸው። በዚህ ዕድሜ ስለ ሰው ምን ይታወቃል? ኦስተን ማቲውስ የተወለደው ሴፕቴምበር 17 ነው። በ2 ቀን ምክንያት አንድ ዓመት ሙሉ መጠበቅ ነበረበት። ያንን ዓመት ዙሪክ ሄዶ ከትልልቅ ሰዎች ጋር ተጫወተና በ2016 ቶሮንቶ በአንደኝነት መረጠው። ሁለት ቀን ቀድሞ ቢወለድ ኖሮ ዛሬ የሌላ ቡድን ታሪክ ነበር። ነገሩ እንዲህ ያለ ስለሆነ ስህተት ሲሠራ አናብድም።

ቅሬታችን ስትሳሳቱ አይደለም። ፈርታችሁ ስትመርጡ ነው። ከዚያ ደግሞ ምን እንደፈራችሁ ስትደብቁን።

ከቁመት እንጀምር፤ እሱ ነው ያቃጠለን።

ከአራት ዓመት በፊት፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ተራው የእናንተ ነበር። በጁኒየር ሊግ ጎል ሲያዘንብ የከረመ አንድ ደቃቃ የክንፍ አጥቂ ማንም ሳይመርጠው ቀርቷል። በእኛ ዝርዝር ላይ 19ኛ ነበር። ሁላችንም ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመናል። እናንተ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ተከላካይ ጠራችሁ። ስማቸውን አንጠራም፤ ልጆቹ ምንም ጥፋት የለባቸውም። ተከላካዩ እስካሁን በታችኛው ሊግ ነው፤ ወደ ግራ ሲዞር ፓኩ (እንደ ኳስ የሚመቱት ጠፍጣፋ ጎማ) ቀድሞት ይሄዳል። ደቃቃው ልጅ ደግሞ በዓመት አራት ጊዜ እየመጣ በረኛችን ላይ ያገባል። ባገባ ቁጥር የሒሳብ መምህራችን «ስንት ሴንቲ ሜትር ነበር ያነሰው?» ብለው ይጠይቃሉ። እስቲ እናንተ መልሱላቸው።

ይሄ እናንተ የጀመራችሁት በሽታ አይደለም። በ2003 ኒውዮርክ ሬንጀርስ 12ኛ ላይ ግዙፉን ሂው ጄሲማንን መረጠ። ጄሲማን ለሬንጀርስ አንድም የኤንኤችኤል ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ። በሊጉ በአጠቃላይ የተጫወተው 2 ጨዋታ ነው፤ እሱም ለፍሎሪዳ። ከእሱ በኋላ በዚያው የመጀመሪያ ዙር የተጠሩት እነማን ናቸው? ዳስቲን ብራውን፣ ብሬንት ሲብሩክ፣ ዛክ ፓሪሴ፣ ራያን ጌትዝላፍ፣ ብሬንት በርንስ፣ ኮሪ ፔሪ። ሰው ይህን ዝርዝር አንብቦ ቁመት ብቻ እየለካ እንዴት ይመርጣል?

በሌላ በኩል ማርቲን ሴንት ሉዊን አጭር ነው ብለው ማንም በድራፍት አልመረጠውም። በ2004 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆኖ ከታምፓ ጋር ስታንሊ ዋንጫን አነሳ። ነፍሱን ይማርና ጆኒ ጎድሮ በ2011 የተመረጠው 104ኛ ነው። ብሬይደን ፖይንት በ2014 እስከ 79ኛ ድረስ ተቀምጦ ነበር፤ ታምፓ ወሰደው፣ ሁለት ዋንጫ በላበት። ታምፓ ከሴንት ሉዊ የተማረውን አልረሳም ማለት ነው። እናንተ ግን ያ ልጅ በየዓመቱ አራቴ እየመጣ እያስተማራችሁም አልገባችሁም።

ለፍትሕ ያህል፣ ከመካከላችን ቁመትን የሚከላከሉ አሉ። ፕሌይኦፍ (ለዋንጫው የሚደረገው የጥሎ ማለፍ ዙር) ሲመጣ ዳኛው ፊሽካውን ኪሱ ይከታል፣ ትንሽ ልጅ ከግድግዳ ጋር ይለጠፋል ይላሉ። እውነት አላቸው። እኛም ክረምቱን ሙሉ የምንከራከረው ለዚሁ ነው። ግን በጥያቄና መልሱ ምሽት ቀርባችሁ «ልጁን ያለፍነው በዚህ በዚህ ምክንያት ነው» ብትሉን ግማሻችን እሺ ብለን፣ ግማሻችን እየተነጫነጭን ወደ ቤት እንሄድ ነበር። አሁን ሁላችንም እየተነጫነጭን ነው።

ሁለተኛው ነገር ፈተናውና ጉዳቱ ነው።

በየዓመቱ ጁን መጀመሪያ ላይ ተስፈኞቹ ቡፋሎ ይሰበሰባሉ። ብስክሌት ላይ እስኪያስመልሳቸው ያስነዷቸዋል፣ ያዘልሏቸዋል፣ ብረት ላይ ያንጠለጥሏቸዋል። የሚገርመው ስኬት ጫማ የሚያጠልቅ የለም! የሆኪ ተጫዋች ሊመርጡ ተሰብስበው በረዶ ላይ የሚቆም ሰው የለም። በ2014 ሳም ቤኔት ብረቱ ላይ ተንጠልጥሎ አንድ ጊዜ እንኳ ራሱን መሳብ አቃተው። ዓለም ሳቀበት። ካልጋሪ ግን 4ኛ ላይ መረጠው። ካልጋሪ የተጠበቀውን ያህል አላየለትም፤ እሱም እውነት ነው። በ2025 ግን ያው ልጅ ከፍሎሪዳ ጋር ዋንጫ ሲያነሳ የፕሌይኦፉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ብረቱ ላይ አሁን ስንት ጊዜ እንደሚስብ የጠየቀው ያለ አይመስለኝም።

እኛ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት ምን ሰማን? ከጽሕፈት ቤታችሁ አንድ ሰው ሬዲዮ ላይ ቀርቦ፣ በጣም ስንመኘው የነበረን የመሃል አጥቂ ያለፋችሁት የአካል ብቃት ውጤቱ ስላላስደሰታችሁ ነው ብሎ ተናገረ። ልጁ በዚያ ዓመት በጉልበት ጉዳት ሁለት ወር ተኝቶ ነበር። ከአልጋ የተነሳ ልጅ ብስክሌት ላይ ቢደክመው ምን ይገርማል?

ጉዳትን ያልፈራ ደግሞ አለ። በ2025 ኒውዮርክ አይላንደርስ ሎተሪው ላይ የነበረው ዕድል 3.5 በመቶ ብቻ ነበር። ዕጣው ወጣለትና የመጀመሪያውን ምርጫ አገኘ። የመረጠው ማቲው ሼፈርን ነው። ይህ ተከላካይ በዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና ላይ ከአንገት ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንቱ ተሰብሮ፣ በዚያ የውድድር ዘመን ለክለቡ ለኢሪ የተጫወተው 17 ጨዋታ ብቻ ነው። በእናንተ ሚዛን ቢሆን ኖሮ 17 ጨዋታ ትንሽ ናሙና ነው ተብሎ ወደ ታች ይወርድ ነበር። እነሱ ያዩትን አመኑ።

ሦስተኛው፣ ሩቅ አገር ያለውን ልጅ መፍራታችሁ። ሩሲያዊ ተስፈኛ ከመረጣችሁ 6 ድራፍት አለፈ። ጥያቄው ሲነሳ የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ውል አለበት፣ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ላም አለኝ በሰማይ ነው ነገሩ ትሉናላችሁ። ግን እኮ ላሟ ትወርዳለች! ሚኒሶታ ኪሪል ካፕሪዞቭን በ2015 135ኛ ላይ መርጦ ዓመታት ጠበቀ። በጃንዋሪ 2021 መጣ፤ በመጀመሪያ ጨዋታው በጭማሪ ሰዓት የማሸነፊያዋን ጎል አገባ። ዓመቱ ሲያልቅ የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። ኒኪታ ኩቼሮቭን ታምፓ ያገኘው 58ኛ ላይ ነው። ሬንጀርስ በረኛውን ኢጎር ሼስተርኪንን 118ኛ ላይ። ማትቬይ ሚችኮቭ በ2023 ከበላዩ ስድስት ልጆች ሲጠሩ ተቀምጦ አየ፤ ውሉ እስከ 2026 ነው ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ፊላደልፊያ ወሰደው፣ በ2024 ከተፍ አለ።

አንደኛ ዙር ላይ መፍራት ይገባናል። በስድስተኛና በሰባተኛ ዙር ግን ምን ይፈራል? እዚያ ያለው ምርጫ እኮ ሎተሪ ነው። ሎተሪ ከቆረጡ አይቀር ትልቁን ዕጣ ነው። ዲትሮይት ፓቬል ዳትሱክን በ1998 171ኛ፣ ሄንሪክ ዜተርበርግን በ1999 210ኛ ላይ ያገኘው ሌላው ሰው የማይሄድበት ድረስ የሚሄድ መልማይ ስለነበረው ነው፤ ሆካን አንደርሰን የሚባል ስዊድናዊ። ሄንሪክ ሉንድክቪስት በ2000 205ኛ ነበር። ጆ ፓቬልስኪም በ2003 205ኛ። (ከመካከላችን አንዱ ከዚህ በኋላ 205ኛ ምርጫ በየዓመቱ እንዲገዛልን ሐሳብ አቅርቧል፤ በድምፅ ብልጫ አልፏል።)

የእናንተስ የሰባተኛ ዙር ምርጫ? ካለፉት አምስቱ ሁለቱ ቡድኑ ውስጥ ሠርተው የነበሩ ሰዎች ልጆች ናቸው። አባት ሆኪ ተጫዋች መሆኑ ነውር አይደለም፤ ብሬት ኸል እኮ የታላቁ ተጫዋች የቦቢ ኸል ልጅ ነው፣ 117ኛ ተመርጦ የሆነውን ሆኗል። ሁለቱን ልጆች ግን እኛ 40 ሰዎች ሆነን፣ ዓመቱን ሙሉ ተስፈኛ ስናሳድድ ከርመን፣ አንዳችንም ዝርዝራችን ላይ አላስገባናቸውም። በ1974 የቡፋሎ ቡድን ሥራ አስኪያጅ ፓንች ኢምላክ በድራፍቱ አሰልቺነት ተማርሮ በ11ኛው ዙር ታሮ ሱጂሞቶ የሚባል ጃፓናዊ መርጦ ነበር። ሊጉ ተቀበለው፣ መዝገብ ላይ ሰፈረ። በኋላ ሲታይ ታሮ የሚባል ሰው አልተፈጠረም። ኢምላክ ቢያንስ ቀልድ መሆኑን ያውቅ ነበር።

አራተኛው ቅሬታ አጭር ነው፤ ብዙ ብናገር ደሜ ስለሚፈላ። በማርች ወር፣ ከፕሌይኦፍ መስመር በ5 ነጥብ ርቀን ሳለን፣ የዘንድሮን የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ሰጥታችሁ የ34 ዓመት ተከላካይ አመጣችሁ። ውሉ በበጋው ያልቃል። ሰውየው ጥሩ ሰው ነው፣ 17 ጨዋታ ተጫወተልን። ፕሌይኦፍ አልገባንም። ዘንድሮ ድራፍቱ ሲጀመር እኛ የመጀመሪያውን ቀን ቁጭ ብለን የሌላውን ሰው ልጅ ስናደንቅ እንውላለን። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። ታምፓም በ2020 ብሌክ ኮልማንንና ባርክሌይ ጉድሮውን ለማምጣት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎች ከፍሏል ትሉን ይሆናል። ከፍሏል። ግን በረኛው፣ ተከላካዩ፣ አጥቂው ሁሉ ተሟልቶ የጎደለው ጨው ብቻ ነበር፤ በዚያም ዓመት በቀጣዩም ዋንጫውን ወሰደ። እኛ ወጡ ሳይጣድ ነው ጨው የገዛነው።

አምስተኛው የመረጣችኋቸውን ልጆች አያያዝ ይመለከታል። የመጀመሪያ ዙር ምርጫችን የነበረውን አጥቂ ገና በ18 ዓመቱ አምጥታችሁ በአራተኛው መስመር በየጨዋታው 8 ደቂቃ አጫወታችሁት። ቀሪውን ጊዜ አግዳሚ ወንበር ሲያሞቅ ከረመ። በጁኒየር ሊግ ቢቆይ በየጨዋታው ከ20 ደቂቃ በላይ ይጫወት ነበር፣ የቡድን አምበል ይሆን ነበር፣ ሲሳሳት የሚያርመው ያገኝ ነበር። እኛ ጋ ሲሳሳት አሰልጣኙ ቀጣዩን ሁለት ጨዋታ ከሰልፍ ውጭ ያደርገዋል። አሁን ልጁ ፓክ ሲደርሰው እሳት እንደነካው ሰው ቶሎ ይወረውረዋል። ዲትሮይት ኒክላስ ሊድስትሮምን በ1989 53ኛ መርጦ ያመጣው በ1991 ነው። ዳትሱክን 3 ዓመት ጠበቀ፣ ዜተርበርግንም 3። ሁሉም ሲመጡ የበሰሉ ነበሩ። እናንተ መጠበቁን አታውቁበትም ልንል አልፈለግንም፤ ምናልባት ትኬት ለመሸጥ አዲስ ፊት አስፈልጎ ይሆናል። ከሆነም ንገሩን፤ ትኬቱን የምንገዛው እኛው ነን።

አሁን ስለ ራሳችን። ይህን ባንጽፍ ደብዳቤው ሐሰት ይሆናል።

እኛም ተሳስተናል፣ በሚያሳፍር ሁኔታ። በ2017 ዝርዝራችን ላይ ኬል ማካርን 11ኛ ነበር ያደረግነው። የሚጫወተው በአልበርታ ጁኒየር ሊግ ነው፣ ሊጉ ደካማ ነው፣ እዚያ ማንም ይደንሳል ብለን ጻፍን። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ወረቀቱ አሁንም አለ። ኮሎራዶ 4ኛ ላይ ወሰደው። በ2022 ዋንጫውን ሲያነሱ የፕሌይኦፉ ምርጥ እሱ ነበር። በዚያው በ2017 ዝርዝር በአንደኝነት ያስቀመጥነው ኖላን ፓትሪክን ሲሆን፣ እሱ ደግሞ በሕመምና በጉዳት ብዙም ሳይጫወት ቀረ፤ ይሄንን ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር። በ2015 ቦስተን 13ኛ፣ 14ኛና 15ኛን በተከታታይ ይዞ ዝቦሪልን፣ ዴብረስክንና ሴኒሺንን ሲመርጥ «ሦስት ምርጫ በአንዴ፣ ምን ዓይነት ዕድል ነው» ብለን ቀንተን ነበር። ቀጥለው የተጠሩት ማቲው ባርዛል፣ ካይል ኮነርና ቶማስ ሻቦ ናቸው። ስለዚህ ክርክራችን ሁልጊዜ ትክክል ነው አንልም። ግን የእኛ ስህተት ከነምክንያቱ ተጽፎ ተቀምጧል። ማንም መጥቶ ሊስቅብን ይችላል፣ ይስቁብናልም። የእናንተ የት ነው ያለው?

ጫና የሚለውን ነጥባችሁንም አንክድም። ያ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ተከላካይ በተመረጠ ማታ አንዳንድ ደጋፊዎች በቀጥታ ለልጁ ስድብ ጽፈውለታል። ከእኛ ውስጥም አንድ ሰው ነበረበት። የ18 ዓመት ልጅ፣ በሕይወቱ ትልቁ ቀን ላይ፣ እናቱ አጠገቡ ተቀምጣ! ሰውየውን ከመካከላችን አስወጥተነዋል፣ ልጁንም በደብዳቤ ይቅርታ ጠይቀናል። ግን አስቡት፤ ያ ስድብ ለምን ወደ ልጁ ሄደ? መልስ የሚሰጥ ትልቅ ሰው ስላልነበረ ነው። እናንተ ወጥታችሁ «እኛ ነን የመረጥነው፣ ለዚህ ነው የመረጥነው» ብትሉ ቁጣው እናንተ ጋ ይመጣ ነበር። ለዚያ ደሞዝ ይከፈላችኋል፤ እሱ ያኔ ገና ውል እንኳ አልፈረመም ነበር። ምሽቱን መዝጋት ጫናውን ከእናንተ ላይ አንስቶ ልጁ ላይ ይጭናል እንጂ አያጠፋውም።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህንን ነው።

የጥያቄና መልስ ምሽቱን መልሱ፤ ከተቻለ ዘንድሮ፣ ካልተቻለ ከድራፍቱ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ። ሁለት መልማዮች ይበቁናል። ተፎካካሪ የሚጠቀምበት ምስጢር ንገሩን አላልንም፤ ካለፈ በኋላ ምስጢር የለም።

ከእያንዳንዱ ምርጫ በኋላ በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ገጽ ጻፉልን። በረዶ ላይ ምን አያችሁበት? ምን አሳሰባችሁ? ስንት ዓመት ትጠብቁታላችሁ? «ጠባዩ ጥሩ ነው፣ ታታሪ ነው» የሚለው አይቆጠርም፤ ያንን ስለ ሁሉም ትላላችሁ።

በየዓመቱ ደግሞ የዛሬ አምስት ዓመት የነበረውን ድራፍት አብረን እንገምግም። እናንተ ዝርዝራችሁን፣ እኛም ዝርዝራችንን ይዘን። የተሳሳተ ቡና ይጋብዛል። የመጀመሪያውን ቡና እኔ እከፍላለሁ፣ ስለ ማካር።

ሰባቱ ዙሮች ውስጥ የመጨረሻዎቹን ሁለት ለሩቁ፣ ለአጭሩ፣ ለተጎዳው ልጅ ተዉ። ዘመድ ካለ የልምምድ ካምፕ ጋብዙት፤ ምርጫ አታቃጥሉበት።

ፕሌይኦፍ መግባታችን ሳይረጋገጥ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ አትሽጡ። ይሄን በጽሑፍ ብትሰጡን ደስ ይለናል፤ በቃል ከሆነ ግን በማርች ደግመን እንደምንደውል እወቁት።

በመጨረሻ ደግሞ አንድ ቀላል ነገር። እስከ 2024 ድረስ ቡድኖቹ በአብዛኛው አንድ ከተማ ተሰብስበው ነበር የሚመርጡት፤ የዚያን ዓመት ላስ ቬጋስ ነበር። በ2025 ግን እያንዳንዱ ቡድን ከየጽሕፈት ቤቱ ሆኖ መርጧል። እንዲያ ሲሆን ጠረጴዛችሁ ከእኛ መቀመጫ ደረጃ ወርዶ ነው ያለው። የበረዶ ሜዳውን በር ክፈቱልን፤ ሁለተኛውን ቀን ቁጭ ብለን በትልቁ ስክሪን እንይ። የመጀመሪያውን ቀን ምርጫ ስለሌለን ግድ የለም፣ ዝጉት።

የዘንድሮው የ100 ተስፈኞች ዝርዝራችን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። 63ኛ ላይ ያለው የፊንላንድ የመሃል አጥቂ ላይ ተጣልተን ስላልጨረስን በሁለት ቦታ ተጽፏል፤ ታገሱን። ሁለተኛ ዙር ላይ ተራችሁ ሲደርስ ካልተወሰደ፣ አጭር ነው ብላችሁ አትለፉት።

መልሳችሁን ከድራፍቱ በፊት እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የ16 ዓመት የዓመት ትኬት ያዥ
የደጋፊዎቹ የተስፈኞች ዝርዝር ጸሐፊ
(ስለ ማካር ያንን የጻፈው)